የስልኩ አንቴና የት ገባ? ገደል ሥር ኔትወርክ ለሚፈልግ ሰው የተሰጠ ምላሽ

ጠያቂያችን የሚኖረው ደላንታ ነው፤ ከወገል ጤና ወደ በሽሎ ሲወረድ ገደል ሥር ባለ መንደር። ትንሽ ሱቅ አለው። የጻፈውን አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«ስማርት ስልኬ ቤት ውስጥ ኔትወርክ የለውም። እናቴ ግን በዚያች ባለ ቁልፍ ስልኳ እዚያው ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብላ ከጅዳ እህቴ ጋር ታወራለች። ድሮ ስልክ ላይ የሚመዘዝ አንቴና ነበር። ለምን አነሱት? መልሼ ማስገጠም እችላለሁ? ደሴ ላይ ባትሪው ሥር የሚለጠፍ አንቴና ይሸጣሉ፤ ይሠራል ወይ? ካልሆነ ቆርቆሮው ላይ የራሴን አንቴና ልተክል አስቤያለሁ።»

አብሽር ወንድሜ። ተለጣፊውን አትግዛ። የራስህን አንቴና መትከሉ ግን ጥሩ ሐሳብ ነው። እዚያ ከመድረሳችን በፊት ሌላውን እንጫወት። ሥራዬ አንቴና ስለሆነ ትንሽ ብረዝም ታገሠኝ።

ከእናትህ ስልክ ልጀምር። የእሳቸው ስልክ የሚሠራው በ2ጂ ነው። በ900 ሜጋኸርዝ የሚሠራ የ2ጂ ስልክ ታወሩ ሲርቀው ጉልበቱን እስከ 2 ዋት ያደርሰዋል። ያንተ ስልክ 4ጂ ላይ ሲሆን የተፈቀደለት ጣሪያ 0.2 ዋት ነው። አሥር እጥፍ ልዩነት ማለት ነው። እርግጥ የ2ጂ ስልክ ያለማቋረጥ አይልክም፤ ከስምንት ተራ አንዱ ብቻ ነው የሱ። በተራው ግን ይጮኻል። ብዙ ሰው ኔትወርክ ማለት ከታወሩ ወደ ስልኩ የሚመጣው ብቻ ይመስለዋል። ታወሩ አንተን ካልሰማህ ግን አንተ እሱን ብትሰማው ምን ዋጋ አለው?

ሌላም ምክንያት አለ። ፍሪኩዌንሲው (ሞገዱ በሰከንድ የሚርገበገብበት ብዛት፣ በሜጋኸርዝ የሚለካው) ዝቅ ባለ ቁጥር ሞገዱ ይረዝማል። ረጅም ሞገድ ደግሞ ገደሉ አፋፍ ላይ ሲደርስ ወደ ታች ይበልጥ ይጎብጣል። እንዳንተ ያለው ገደል ሥር የሚደርሰው ይሄ ጎብጦ የመጣው ነው። ጦሳ ሥር ተጠግተው የተሠሩ የደሴ ቤቶችም፣ ወደ ኮምቦልቻ ሐረጎን ስትወርድ ጥሪው የሚቆራረጥብህ ከሆነም፣ ነገሩ ያው ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው መፍትሔ በነፃ ነው። ለመደወል ብቻ ሲሆን ስልክህ ሴቲንግ ውስጥ ሞባይል ኔትወርክ የሚለው ጋ ግባና 2ጂ ላይ አድርገው። ኢንተርኔቱ በጣም ይደክማል፤ ጥሪው ግን ብዙ ጊዜ ይመጣል።

አሁን ወደ ጥያቄህ። አንቴናው አልተነሳም። ወደ ውስጥ ገባ፤ ከዚያም ቀስ በቀስ ስልኩ ራሱ አንቴና ሆነ። ታሪኩ ይሄው፤ ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው።

ጀርመናዊው ሄርትዝ በ1880ዎቹ መጨረሻ የሬዲዮ ሞገድ መኖሩን በሙከራ ሲያሳይ አንቴናው ሁለት ክንድ ነበረው፤ አንዱ ወደዚህ፣ አንዱ ወደዚያ። ጣሊያናዊው ማርኮኒ በ1890ዎቹ አንዱን ክንድ ሽቅብ አቆመውና የሌላውን ቦታ ለመሬት ሰጠው። ይቺን ነገር ያዛት። በእጅ የሚያዝ ስልክ ሲመጣ ሽቅብ የቆመው ክንድ እላዩ ላይ የምናየው ዘንግ ሆነ። የመሬቱን ቦታ የወሰደው ደግሞ የስልኩ አካል ነው፤ ውስጡ ያለው ሰርኪት ቦርድና ብረቱ። ስለዚህ ድሮም ቢሆን ዘንጉ ግማሽ አንቴና ነው። ሌላው ግማሽ እጅህ ውስጥ ነበር።

የዘንጉ ርዝመት የሚመጣው ከሒሳብ ነው። 300ን በሜጋኸርዙ ስታካፍለው የሞገዱን ርዝመት በሜትር ይሰጥሃል። ለ900 ሜጋኸርዝ 33 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሩቡ 8 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ዘንጉ የሚፈልገው ይህንኑ ሩብ ነው። ለ1,800 ደግሞ 4 ሴንቲ ሜትር ብቻ። በእጅህ ልትፈትነው ትችላለህ። የስልክህ ኤፍኤም ሬዲዮ ጆሮ ማዳመጫ ካልሰካህ አልሠራም ይልሃል አይደል? ኤፍኤም 100 ሜጋኸርዝ አካባቢ ነው። ሞገዱ 3 ሜትር፣ ሩቡ 75 ሴንቲ ሜትር። ያን የሚያህል አንቴና ስልክ ውስጥ ስለማይገባ የማዳመጫውን ገመድ አንቴና አደረጉት።

ዘንጉ እንዴት ገባ? መጀመሪያ እንደ ስፕሪንግ ጠመዘዙት። አናቱ ላይ ጉጥ ያላቸውን ስልኮች ታስታውስ ይሆናል፤ ጉጡ ውስጥ ያለው የተጠመዘዘ ሽቦ ነው። በ1996 የወጣው የሞቶሮላ ስታርታክ ዘንጉም ጉጡም ነበረው። ዘንጉ ሲገባ ጉጡ ይሠራል፣ ሲመዘዝ ዘንጉ ይረከባል።

ትልቁ ፈጠራ ግን ሌላ ነው። ዘንጉን ከሥሩ አጥፈህ ሰርኪት ቦርዱ ላይ ብታስተኛው ምን ይሆናል? ይገባል እንጂ አይሠራም። ለብረቱ በጣም ሲጠጋ ጉልበት አልቀበልም ይላል፤ የላክህለት ወደ መጣበት ይመለሳል። መሐንዲሶች ያገኙት ዘዴ ቀላል ነው። የተኛውን ሽቦ አንድ ጫፍ ከቦርዱ መሬት ጋር አገናኙት። ጉልበቱን ከጫፉ ሳይሆን ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ካለ ነጥብ ሰጡት። የነጥቡን ቦታ ወዲያና ወዲህ በማድረግ እንቢ ያለው አንቴና እሺ አለ። ቅርጹ የተጋደመ የላቲን ኤፍ ፊደል ስለሚመስል በዚያው ተሰየመ። በመጀመሪያ ለሚሳይል የታሰበ ነበር፤ ሚሳይል ላይ ሽቅብ የቆመ ዘንግ ነፋሱ አይምረውም። በ1980ዎቹ ጃፓኖች ሽቦውን ወደ ሳህን አሰፉትና ለእጅ ስልክ አዋሉት። ሳህኑ ላይ ቀዳዳ መስመር ሲቆረጥ ደግሞ አንዱ ሳህን ሁለት መንገድ ይኖረዋል። ረጅሙ ለ900፣ አጭሩ ለ1,800። አንድ ቁራጭ ቆርቆሮ ሁለት ሥራ ያዘ ማለት ነው። ለእኔ ከስልክ ፈጠራዎች ሁሉ የማደንቀው ይህን ነው፤ ማንም አያየውም፣ ስሙንም የሚያውቀው የለም።

በ1999 ኖኪያ 3210 አንቴናውን ሆዱ ውስጥ ይዞ ወጣ። ሞባይል አገራችን የገባውም በዚያው ዓመት ነው። እና ያ የምታስታውሰው የሚመዘዝ አንቴና፣ ቲቪ ያላቸው የቻይና ስልኮች ላይ የነበረው ከሆነ፣ ለጥሪው አልነበረም። ለቲቪው ነበር። ስንቱ ሰው እሱን መዞ «ኧረ አሁን ጠራ!» እያለ ተደሰተ። ደስታው ይመቸው፤ ኔትወርኩ ግን ሲሠራ የነበረው በውስጠኛው ነው።

ታዲያ ወደ ውስጥ መግባቱ ዋጋ አላስከፈለም? አስከፍሏል። የአንቴና ተመራማሪዎቹ ዊለር በ1947፣ ቹ በ1948 ያሳዩት የተፈጥሮ ወሰን አለ። አንቴና ትንሽ፣ ብዙ ፍሪኩዌንሲ የሚሸፍን እና ጉልበት የማያባክን በአንድ ጊዜ መሆን አይችልም። ሁለቱን ስትመርጥ ሦስተኛው ይጎዳል። የእናትህ ስልክ የሚሸፍነው ጥቂት ፍሪኩዌንሲ ነው። ያንተው 2ጂ፣ 3ጂ፣ 4ጂ፣ ዋይፋይ፣ ብሉቱዝና ጂፒኤስ ሁሉ አለበት። ትልቅ ባትሪና ጠርዝ ድረስ የተዘረጋ ስክሪንም አለው። ለአንቴናው የተረፈው ዳር ዳሩ ብቻ ነው። አንቴናውን እንደ ሁኔታው የሚያስተካክሉ ጥቃቅን ቺፖች ገብተዋል፤ ከአንድ በላይ አንቴናም ይደረጋል። ቢሆንም ወሰኑ ወሰን ነው።

አፕል በ2010 አይፎን 4ን ሲያወጣ የዙሪያውን ብረት አንቴና አደረገው። የሚያምር ሐሳብ ነበር። ነገር ግን ብረቱ የተቆረጠበትን ቦታ እጅ ሲሸፍነው ሲግናሉ ይወርዳል። ኩባንያው በመጨረሻ ከቨር በነፃ አደለ። ያንተም ስልክ ዋናው አንቴና ብዙውን ጊዜ ከታች በኩል ነው። ስታወራ ታችኛውን ጫፍ በመዳፍህ አትሸፍነው። ብረት ያለበት ከቨር፣ የጣት ቀለበት፣ ማግኔት ካለህም አውልቀህ ሞክር።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ስልኩ ተከፍቶ ያውቃል? ስክሪን ተቀይሮለት ነበር? ከሆነ አንቴናው ሳይሆን ጥገናው ሊሆን ይችላል። ውስጡ እንደ ክር የቀጠነ ገመድ አለ፤ ሲገጠም ጠቅ ብሎ መግባት አለበት። ቦርዱን ከአንቴናው የሚያገናኙ ጥቃቅን ስፕሪንጎችም አሉ። ገመዱ ሳይሰካ ከቀረ ወይም ስፕሪንጉ ከታጠፈ ስልኩ በሌላው ሁሉ ደህና መስሎ ኔትወርክ ላይ ይደክማል። እዚያው መንደር ላይ አንድ ዓይነት ሲም ካርድ ባለው ሌላ ስማርት ስልክ አወዳድረው። የሌላው ደህና ከሆነ ገንዘብህን አንቴና ላይ አታውጣ፤ ጠጋኙ ጋ ውሰደው።

የሲግናሉን ምልክት መስመሮች ግን አትመን። ኩባንያው እንደ ፈለገ ነው የሚሥላቸው። መደወያው ላይ *#*#4636#*#* ብለህ ጻፍ። ብዙ አንድሮይድ ላይ የስልኩን መረጃ ይከፍታል። እዚያ ዲቢኤም በሚባል የሲግናል መለኪያ የተጻፈ፣ ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር ታገኛለህ። ለ4ጂ ከሲቀነስ 80 እስከ 90 ሸጋ ነው። ከሲቀነስ 110 ወደ ታች ሲወርድ መከራ ይጀምራል። በ3 ከተሻሻለ ጉልበቱ እጥፍ ሆነ ማለት ነው፣ በ10 ከተሻሻለ አሥር እጥፍ። የ2ጂና የ4ጂን ቁጥር ግን እርስ በርስ አታወዳድር፤ አለካካቸው ይለያያል።

ተለጣፊውንም በዚሁ ቁጥር ፈትነው። ፕላስቲክ ላይ የታተመ የብረት ሥዕል ነው። ከምንም ጋር አልተገናኘም። ጉልበት የሚሰጠው ነገር የለም፣ ጉልበት የሚያደርስበትም የለም። ብሶም አንቴናው አጠገብ ከተለጠፈ ሊያበላሸው ይችላል። ታዲያ ለምን «ሠራልኝ» የሚል ሰው አለ? ሲለጥፍ ስልኩን ስላንቀሳቀሰው ነው።

ይሄ ቀልድ አይደለም። ወሎ ውስጥ ስልክ በክር ታስሮ መስኮት ላይ የተንጠለጠለበት ቤት ስንት አለ! ከተሜው አይቶ ይስቃል። ነገሩ ግን ትክክል ነው። ከታወሩ የተነሳው ሞገድ ቤትህ የሚደርሰው በአንድ መንገድ አይደለም። አንዱ በአፋፉ ጎብጦ፣ አንዱ ከማዶው ገደል ነጥሮ፣ አንዱ ከጎረቤት ቆርቆሮ ተመልሶ ይመጣል። አንድ ቦታ ላይ ተደጋግፈው ይገናኛሉ፣ ሌላ ቦታ ላይ ይጣፋሉ። በጥሩውና በመጥፎው ቦታ መካከል ያለው ርቀት የሞገዱ ሩብ ያህል ሊሆን ይችላል፤ ማለትም 8 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር። ያቺን ቦታ ፈልጎ ማግኘት እውቀት ነው። አግኝተሃት ከሆነ ስልኩን እዚያው ተወውና በሆትስፖት ከሌላ ስልክ ጋር አገናኘው።

አሁን ቆርቆሮው ላይ ስለምትተክለው እናውራ። ስልክህ የውጭ አንቴና መሰኪያ የለውም። ሽቦ ብታስጠጋበት ዋጋ የለውም፤ አስከፍተህ ብታስበይደው ደግሞ ስልኩን ታጣለህ። የሚያስፈልግህ ሲም ካርድ የሚቀበልና ኢንተርኔቱን በዋይፋይ የሚያድል የ4ጂ ራውተር ነው። ስትገዛ ተጠንቀቅ። ላዩ ላይ ቀንድ የሚመስሉ አንቴናዎች ያሉት ሁሉ ለ4ጂ አይደሉም፤ አንዳንዱ ለዋይፋይ ብቻ ነው። የ4ጂ የውጭ አንቴና መሰኪያ እንዳለው አረጋግጥ፤ ሁለት ቢሆኑ ይመረጣል።

አንቴናው አቅጣጫ ያለው መሆን አለበት። አንቴና ጉልበት አይፈጥርም። የእጅ ባትሪ አምፖል ጀርባ ያለው መስታወት የሚሠራውን ነው የሚሠራው፤ የተበተነውን ወደ አንድ ወገን ይሰበስባል። ይህን በቀላል ሽቦ የሠሩት ሁለት ጃፓናውያን ናቸው፤ ኡዳና ያጊ፣ በቶሆኩ ዩኒቨርሲቲ፣ በ1926። ዲሽ ከመምጣቱ በፊት የቲቪ አንቴና ሆኖ ቆርቆሮ ላይ ይታይ የነበረው የዓሣ አጥንት የሚመስል ነገር የእነሱ ነው። ጉልበት የሚሰጠው ለአንዱ ዘንግ ብቻ ነው። ከኋላው ትንሽ ረዘም ያለ ዘንግ ይቆማል፣ ከፊቱ አጠር አጠር ያሉ ይደረደራሉ። ከምንም ጋር አልተገናኙም፤ ሞገዱ ሲነካቸው ብቻ መልሰው ያስተጋባሉ፣ ርዝመታቸውና ርቀታቸው ደግሞ ማስተጋባቱ በአንድ ወገን እንዲደጋገፍ ያደርገዋል። (ተለጣፊው ሻጭ «ያጊም እኮ አልተገናኘም» ካለህ፣ ያጊ በሚሊ ሜትር የተለካ ነው በለው።)

ያጊን ግን የገዛ አገሩ አላወቀለትም። በ1942 ጃፓኖች ሲንጋፖርን ሲይዙ የእንግሊዞች የራዳር ማስታወሻ አገኙ። «ያጊ» የሚል ቃል ተደጋግሞ ተጽፏል። ትርጉሙ ጠፋባቸው። የተማረከውን ባለሙያ ሲጠይቁት የራሳችሁ ሰው ስም ነው አላቸው።

ላንተ ግን ያጊን አልመክርም። ያጊ የሚሠራው በጠባብ ፍሪኩዌንሲ ነው፤ ታወሩ በየትኛው እንደሚልክ ካላወቅህ ወይም ነገ ከተቀየረ ትከስራለህ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተሠራ ዘመዱ አለ፤ ሎግ ፔሪዮዲክ ይባላል። ዘንጎቹ ከረጅም ወደ አጭር በሥርዓት ይወርዳሉ፣ ሰፊ ፍሪኩዌንሲም ይሸፍናል። ጉልበቱ ከያጊ ትንሽ ያንሳል። ያንሳ።

አቅጣጫውን በግምት አትወስን። ታወሩ ወደሚገኝበት ማዞር ትክክል ይመስላል፤ ገደል ሥር ግን ታወሩ በኩል ያለው ግድግዳ ነው። በሽሎ ሸለቆ ላይ የተሻለው ሲግናል ከማዶው ገደል ነጥሮ የሚመጣው ሊሆን ይችላል። አንቴናውን ቀስ እያልክ ዙሪያውን አዙረው፤ ራውተሩ ላይ ያለውን ቁጥር አንድ ሰው እያየ ይንገርህ። ደግሞ ወደ ጎን 45 ዲግሪ አዘንብለው ሞክር፤ የታወር አንቴናዎች በብዛት የሚልኩት በዚያ ማዘንበል ነው። ሁለት አንቴና ካለህ አንዱን ወደ ቀኝ አንዱን ወደ ግራ አዘንብል።

ብዙ ሰው የሚከስረው ግን አንቴናውን ከራውተሩ የሚያገናኘው ኬብል ላይ ነው። ቀጭኑ ጥቁር ኬብል 10 ሜትር ሲሆን በ900 ሜጋኸርዝ ከጉልበቱ ከግማሽ በላይ፣ ወደ ሁለት ሦስተኛው ገደማ ይበላል። በ1,800 ከአምስት እጅ አራቱን። አንቴናው ያገኘልህን ኬብሉ ጨረሰው ማለት ነው። የዲሽ ኬብል ይሻላል። 75 ኦም (ኬብልና መሣሪያ የሚጣጣሙበት የኤሌክትሪክ መለኪያ) ነው፣ ራውተሩ 50 ኦም ይፈልጋል፣ አይገጥምም የሚሉህ አሉ። ባለመግጠሙ የምታጣው 4 በመቶ ብቻ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን ኬብሉን ማሳጠር ነው። ራውተሩን አንቴናው ሥር፣ ጣሪያው ጋ ዝናብ በማያገኘው ሳጥን ውስጥ አስቀምጠው። ወደ ታች የሚወርደው የመብራት ገመድ ይሁን፤ ኢንተርኔቱ በዋይፋይ ይወርዳል። ከቤትህ በላይ ጥሩ ኔትወርክ ያለው ጉብታ ካለና ቤትህን የሚያይ ከሆነ ደግሞ ራውተሩን ከትንሽ ሶላር ጋር እዚያ ማቆም ትችላለህ። የሚጠብቀው ሰው ካገኘህ።

ገንዘቡ ካልደረሰህ የቆየ ዲሽ ይበቃሃል። ዩኤስቢ የሚሰካ የኢንተርኔት ሞደም ካለህ ኤልኤንቢውን (ዲሹ ፊት ያለውን ሲግናል ተቀባይ) አውጥተህ ሞደሙን በቦታው እሰረው። ከሞደሙ ወደ ቤት የሚመጣው ዩኤስቢ ገመድ የሚያመላልሰው ዳታ ነው እንጂ ሞገድ ስላልሆነ ቀጭኑ ጥቁር ኬብል የሚያመጣብህ ኪሳራ የለበትም፤ ከ5 ሜትር ብቻ አታስረዝመው። አንድ የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ትንሹ ዲሽ ቀጥ ብሎ ሲቆም የሚያየው ወደ ፊት ሳይሆን ወደ ሰማይ ነው፤ ከ20 ዲግሪ በላይ ሽቅብ። ወደ አድማሱ እንዲያይ በዚያው ልክ ወደ ፊት ማጎንበስ አለብህ። ኤልኤንቢው መሐሉ ላይ የሚቆመው ትልቁ ክብ ዲሽ ግን የሚያየው ፊት ለፊት ነው።

«ቡስተር» ወይም «ሪፒተር» የሚባለውን ያለ ፈቃድ እንዳትገዛ። የቴሌኮም ኩባንያው ፍሪኩዌንሲ ላይ የሚልክ መሣሪያ ነው፤ ፈቃዱ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ጉዳይ ነው። ውጭ ያለው አንቴናና ውስጥ ያለው በደንብ ካልተራራቁ አንዱ የሌላውን እየሰማ ያፏጫሉ። ያን ጊዜ ታወሩ የአካባቢውን ሰው ሁሉ መስማት ያቅተዋል። አፋፉ ላይ ያሉ ጎረቤቶችህ ኔትወርክ አጥተው ምክንያቱ አንተ መሆንህን እንኳ አታውቅም።

ምሰሶውን ከክረምቱ በፊት ትከል። የደጋውን የሐምሌ መብረቅ ታውቀዋለህ። ከምሰሶው ወፍራም የመዳብ ሽቦ በውጭ በኩል ቀጥ አድርገህ አውርድና መሬት ውስጥ ጠልቆ ከተቀበረ ዘንግ ጋር እሰረው፤ በቤት ውስጥ አታሳልፈው፣ አታጠማዝዘው። ይሄ መብረቅ በቀጥታ ከመታው አያድንህም፣ አጠገብ ሲወድቅ የሚመጣውን ግን ይቀንሳል። ደመናው ሲጠቁር መብራቱንም የአንቴናውን ኬብልም ነቅለህ ከግድግዳው አርቃቸው። እስኪያባራ ድረስ እህትህ ከጅዳ በእናትህ ስልክ ትደውል።